በኖራው መስመር ላይ ሦስት ጠዋት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22

የጠዋት ቆጠራ፦ ስንዴ 140 ጆንያ፣ በቆሎ 60። ወደ ማዶ የሚሄድ ስንዴ 12። ከማዶ የመጣ ሳሙና 9 ካርቶን። ያልመጣ ደንበኛ፦ ሁሉም።

ድልድዩ ከተዘጋ ዛሬ አስራ አንድ ቀኑ ነው። በሽታው ገባ በተባለበት ቀን የእኛ ሹሞች ከዚህ፣ የማዶዎቹ ከዚያ ዘጉት። በማግስቱ የማዶ ስልክ ድምጹ ጠፋ፤ ለምን እንደጠፋ የነገረን የለም። በአምስተኛው ቀን እኛ ሳሙና አጣን፣ እነሱ ዱቄት አጡ። ያኔ እንደምንም ተስማሙ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ጋሪ እስከ ድልድዩ መሃል ይሄዳል። መሃሉ ላይ በኖራ መስመር ተሰምሯል። የእኛ ሰው ስንዴውን አስቀምጦ ሃያ እርምጃ ይመለሳል፤ የእነሱ ሰው መጥቶ ያነሳና ሳሙናውን ትቶ ይሄዳል። ሰው ከሰው አይገናኝም። ጠዋት ጠዋት ወንዙ ጭጋግ ስለሚለብስ ከመጋዘኔ ደጅ ሆኜ ሳይ ጆንያዎቹ ራሳቸው ተነስተው ወደ ማዶ የሚሄዱ ይመስላሉ።

እዚያ የሚቀበለኝ ባለ ወፍጮው ነው። የእሱ አያትና የእኔ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። ድሮ አራት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ እየተሻገርን በዓመት ሁለቴ እንኳ አንጠያየቅም ነበር። አሁን ውጭ አገር ሆኖብኝ እጽፍለታለሁ። የምጽፈውን እዚህ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ የእሱንም እለጥፋለሁ።

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይራቁ። ይህ ወረቀት ቆመው እንጂ ተኝተው አይድረስዎ። እኛ ደህና ነን። «እኛ» የምለው ቆጥሬ ነው፤ እኔ፣ ጋሪ ገፊውና ድመቷ።

12 ጆንያ ልኬያለሁ። ፈጭተው ሲጨርሱ ባዶዎቹን አጥፈው፣ በራስዎ ቋጠሮ አስረው ይመልሱልኝ። ባዶ ጆንያ ቸግሮኝ አይደለም። እርስዎ ግራኝ ስለሆኑ ቋጠሮዎ ወደ ግራ ይተኛል፤ እሱን ሳይ እህሉ በእጅዎ መግባቱን አውቃለሁ።

እዚህ ሰው ከሰው ይሸሻል። ትናንት ዳቦ ጋጋሪው ቢያስነጥስ ገበያው ተኩስ እንደሰማ ተበተነ። ገበያ ስልዎ አምስት ሰው ነው። የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይጻፉ።

እህትዎ

ዓርብ፣ መጋቢት 25

ባዶ ጆንያ 12፣ ቋጠሮው ወደ ግራ። ሳሙና 10 ካርቶን። ይህ ደብዳቤ።

ለእመት ሚዛን፣ ሰላምታዋን ሳይቀር መዝና ለምትልከው እህቴ፣

ፈጣሪ ዕድሜን ሳይመዝን ይስጥሽ። ያንን የመጋዘን በርሽን ክፉ አይግፋው። እኔ ደህና ነኝ። ወፍጮዬም ደህና ናት፤ እንደ ሽማግሌ ብታጉረመርምም ትሠራለች።

እንግዲህ ህልም አትወጂም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ስሚኝ። ድልድዩን እንደ አንሶላ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ሳስገባው አየሁ። የእናንተና የእኛ ዳርቻ ግንባር ለግንባር ተነካካ። አንቺ በመስኮትሽ ብቅ ብለሽ «ጋሼ፣ ትንሽ ጨው» አልሽኝ፤ እጄን ዘርግቼ ሰጠሁሽ። እጄን ሳልታጠብ! ደንግጬ ነቃሁ። ድሮ ሰው ከገደል ሲወድቅ ነበር ደንግጦ የሚነቃው።

ከተማው ጸጥ ብሏል። ጎረምሶቹ ሥራ ስላጡ የጥበቃ ቡድን አቋቁመዋል። አለቃቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ልብስ ሰፊው! ሰርግ ቀረ፣ ሱፍ የሚያሰፋ ጠፋ፤ አሁን ጠመንጃ ይዞ የድልድዩ አፍ ላይ ይቆማል። ሜትሩን ግን ከአንገቱ አላወረደም። መንገደኛ ሲያይ መጀመሪያ ትከሻውን የሚለካ ይመስለኛል።

ደቃቅ ወንፊት ካለሽ ላኪልኝ። የእኔ ተቀዷል።

ወንድምሽ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 29

ስንዴ 14 ጆንያ፣ ወንፊት 1።

ከጤና ጣቢያ ነርሷ መጥታ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ቢጸዳ ይሻላል ብላ ሄደች። ምክሯ ሥራ ላይ የሚውል ነው። ለጋሪ ገፊው መርጫ ገዝቼ በረኪና በውሃ በጠበጥኩለት። ይህን ሰው «ፈጣኑ» እንለዋለን፣ ጋሪው ላይ ወፍ ጎጆ እስክትሠራ ስለሚቆይ። መርጨት ግን ወደደ። ጆንያዎቹን ከውጭ በኩል አንድ በአንድ እንደ አትክልት አጠጣቸው። ደብዳቤዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ጆንያው አፍ ውስጥ ከትቻለሁ።

ለተከበሩ ጋሼ፣

ቤትዎን ሳቅ አይለየው። ወንፊቱ ይኸው። ህልሙ የመጣው ከወፍጮ ቤቱ ዱቄት ነው፤ ሲተኙ መስኮት ይክፈቱ።

ስለ ጎረምሶቹ የጻፉት አልተመቸኝም። እዚህም ያው ነው። ድልድዩ ላይ ድሮ አንድ ዘበኛ ነበር፤ አሁን አስር አለቃውና ስምንት ወታደር። ሥራ የፈታ ሰው ሲበዛ የሚጠብቀው ነገር ይፈልጋል። ከልብስ ሰፊው ጋር አይጋጩ፤ ሱፍ ያስለኩት።

እህትዎ

ስለ በረኪናው አልጻፍኩም። ጆንያ ማጽዳት ዜና መስሎ አልታየኝም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 2

ባዶ ጆንያ 14፣ ቋጠሮው ወደ ግራ። ሳሙና 7 ካርቶን፤ ቀንሷል።

ለእመት ሚዛን፣

ደጅሽ ሰላም ይደር፣ ሰላም ይዋል። ወንፊቱ ልክ ነው። ጆንያዎችሽ ግን ሽቶ ተቀብተው ነው የመጡት። እንዲህ ዓይነት ሽቶ የሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ብቻ ነው የማውቀው። ዱቄቱን ሊወስዱ የመጡ ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ተያዩ። «ነጋዴ ዘመዴ ሊያገባ ነው መሰል» ብላቸው የሳቀ የለም። ቀልዴ አርጅቷል።

የውሃ ሞተራችን ቆሟል። መካኒኩ የእናንተ ሰፈር ሰው ነው፣ መሻገር አልቻለም፤ ስለዚህ ከወንዝ ነው የምንቀዳው። በዚህ ሳምንት ሆዳቸውን የታመሙ ልጆች በዝተዋል።

ትናንት ደግሞ በህልሜ መንገዱ ሁሉ ጥጥ ሆኖ ሰዎች እግራቸው ሳይሰማ ሲሄዱ አየሁ። ስነቃም ያው ነው፤ የሚሰማ እግር የለም።

ሻማ ካለሽ ላኪ።

ወንድምሽ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ስንዴ 14 ጆንያ፣ ሻማ 2 ደርዘን። ስለ ሽቶው የጻፈውን አንብቤ ሳቅኩ። የነርሷ ሥራ በሩቅ ይሸታል ማለት ነው ብዬ ፈጣኑን ጨምርበት አልኩት። ጨመረበት።

ከማዶ ሳሙና አልመጣም። ደብዳቤም አልመጣም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 9

ባዶ ጆንያ የለም። የማክሰኞው 14 ጆንያ እንዳለ ተመልሶ መስመሩ ላይ ተቀምጧል። አፋቸው ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ እንደገና ታስሯል። ሁሉም ቋጠሮ ወደ ቀኝ። ሻማዎቹ አልተመለሱም።

አንድ ደብዳቤ አለ፣ በእሱ የእጅ ጽሑፍ፦

ለክብርት የእህል ነጋዴ፣

ጤና ይስጥልን። በላኩልን ስንዴ ላይ የማይታወቅ ሽታ ስላለበትና አስራ አንድ ሕፃናት ስለታመሙ፣ በእህሉ ላይ ምን እንደተደረገበት በጽሑፍ እንዲያስረዱ እንጠይቃለን። መልሱ እስኪመጣ ወፍጮ ቤቱ ታሽጓል።

ባለ ወፍጮው

ደጋግሜ አነበብኩት። ህልም የለበትም። ጨው፣ ወንፊት፣ ሻማ፣ የሚለመን ነገር የለበትም። ይህ ሰው ሲታመም እንኳ ይቀልዳል። ከኋላው ቆሞ የሚያጽፈው አለ። ጆንያዎቹን ያሰራቸውም ሌላ ሰው ነው፤ እሱን ቋጠሮ እንኳ አላስነኩትም።

ያኔ ነው ያየሁት። እኔ አጸዳሁ ስል እነሱ መርዝ ሸተታቸው። ለእህሉ ዋስ ሆኖ የቆመው ደግሞ እሱ ነው።

ዛሬውኑ ጻፍኩ፦

ለተከበሩ ጋሼና ይህን ለምታነቡ ወንድሞች ሁሉ፣

ሰላም ለቤታችሁ፤ ለታመሙት ልጆች ምሕረት ይውረድላቸው። ሽታው በረኪና ነው፣ ሌላ አይደለም። በሽታው በጆንያው እንዳይሻገር ብዬ ከውጭ በኩል አስረጭቻለሁ። እህሉ ውስጥ የገባ ነገር የለም። አለመንገሬ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የባለ ወፍጮው አይደለም፤ እሱ አያውቅም። ልጆቹን ያሳመማቸው የወንዙ ውሃ ይመስለኛል፤ አፍልታችሁ አጠጧቸው። መካኒኩን እስከ መስመሩ ለማምጣት ከአስር አለቃው ጋር እነጋገራለሁ።

የእናንተው

ቶሎ እንዲያዩት ብዬ ጆንያው ውስጥ አልከተትኩትም። ያለ ላስቲክ፣ የፊተኛው ጆንያ ቋጠሮ ላይ በሲባጎ አሰርኩት። አስር አለቃውን ለምኜ፣ ፈጣኑ ወደ መጋዘን የመለሳቸውን 14 ጆንያ ሳይፈታ ቅዳሜ ጠዋት ከነደብዳቤው ወደ መስመሩ ወሰዳቸው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ከማዶ የመጣ፦ አንድ ወረቀት። የእሱ ጽሑፍ አይደለም። ፊደሉ ቀጥ ብሎ፣ እኩል እየተራራቀ፣ እንደ ስፌት።

ለነጋዴዋ፣

ማብራሪያ ጠየቅን፤ ባዶ ወረቀት ላክሽልን። እሱም ይሸታል። ስትስቂብን ነው ብለን ወስደነዋል። ባለ ወፍጮው በእኛ እጅ ነው። ዘመዱ ስለሆንሽ ያውቅ ነበር ይላል ሰዉ፤ እኔ «አያውቅም» እያልኩ ሰዉን እስካሁን ይዤዋለሁ። እስከ ዓርብ ነው የምችለው። ከዓርብ በኋላ ለወፍጮውም፣ ለእሱም፣ ለድልድዩም ዋስ አልሆንም።

የጥበቃው አለቃ

ፈጣኑን ጠራሁት።

«ቅዳሜ ጆንያዎቹን ረጭተሃል?»

«ታዲያስ! በደንብ ነዋ።»

«ወረቀቱንስ?»

«እሱን አስበልጬ ነው እንጂ። ሁሉም የሚነካው እሱን አይደል?»

በረኪና ቀለም ይበላል። ነጭ ልብስ ያጠበ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ረሳሁት። እሱን ልቆጣው አፌን ከፍቼ መለስኩት፤ መርጫውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ የአስር አለቃው ሰዎች የአሸዋ ከረጢት ሲደረድሩ አየሁ። ማዶም ይደረድራሉ። አንድ ሰው ከዚህ ወይም ከዚያ ቢተኩስ ስለ ስንዴ የሚያስታውስ አይኖርም። ሌላ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ወረቀቴን ማን ያምናል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14

ጠዋት የወሰድኩት፦ ቡታጋዝ፣ ድስት፣ ማንኪያ፣ ውሃ። ስንዴው እዚያው አለ፣ 14ቱ ጆንያ መስመሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

አስር አለቃው ኬላው ላይ አስቆመኝ።

«እትዬ፣ ከመስመሩ ማለፍ ክልክል ነው።»

«አላልፍም። ልበላ ነው።»

«ምን?»

«ቁርስ።»

«ቤትሽ ቁርስ አይበላም?»

«ቤቴ የሚያየኝ የለም።»

ድስቱን አየ፤ ማዶ የተደረደሩትን ከረጢቶች አየ። «ቁርስ መብላት የሚከለክል ትእዛዝ አልደረሰኝም» አለና ወደ ጎን ቆመ።

ጭጋጉ ወፍራም ነበር። የራሴ እግር ከእኔ ሁለት እርምጃ ቀድሞ የሚሄድ ይመስል ነበር። መስመሩ ጋ ቁጭ ብዬ፣ የማዶዎቹ ራሳቸው ያሰሩትን ጆንያ ፈትቼ፣ ስንዴ ድስቱ ውስጥ አድርጌ ለኮስኩ። ስንዴ ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል። እየቆየ ከጭጋጉ ውስጥ ሰዎች ብቅ አሉ፤ መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ጭምብል፣ ከዚያ ዓይን። መቶ ይሆናሉ። ከፊት አንድ ረጅም ሰው ቆሟል፣ ጠመንጃ ትከሻው ላይ፣ ሜትር አንገቱ ላይ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ።

«መርዛችሁን እየቀቀልኩ።»

የሳቀ የለም። ጭምብሌን አውርጄ በማንኪያ በላሁ። ግማሽ ድስት በላሁ፣ ጨው የለው፣ ምን የለው። ስለ በረኪናው፣ ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው። ድምጼ ወንዙ ላይ ወርዶ የሌላ ሰው ድምጽ ሆኖ ይመለሳል።

«መርዝ እዚያው አይገድልም» አለ ልብስ ሰፊው። «ቀን ይፈልጋል።»

«ስንት ቀን?»

«ሳምንት።»

«በሳምንት ልጆቻችሁን ረሃብ ይጨርሳቸዋል። አንድ ቀን።»

«አምስት።»

«ሁለት፣ ድስቱንም እጨርሳለሁ።»

«ሦስት። ሦስት ጠዋት እዚህ መስመር ላይ ትቆሚያለሽ፣ ጭጋጉ ከድልድዩ ብረት ላይ እስኪነሳ። እናይሻለን። ዓርብ ያልነውን ለቅዳሜ አስተላልፌያለሁ። ሳትመጪ ከቀረሽ...»

«ባለ ወፍጮው ደህና ነው?»

«ይለፈልፋል» አለ። ይህን ስሰማ ድስቱን ጨረስኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

አንደኛ ጠዋት። ቆምኩ። የሚያየኝን ቆጠርኩ፦ 60 ያህል። አንዲት ሴት ከኋላ ሆና «ቀለሟ ገርጥቷል!» ስትል ሌላዋ «ድሮም ገርጣጣ ናት፣ ሰባት ዓመት ጥራጥሬ ሸጣልኛለች» አለቻት። ጭጋጉ ከብረቱ ላይ እንደሚላጥ ቆዳ ቀስ ብሎ ተነሳ። ወደ ቤት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 16

ሁለተኛ ጠዋት። ቆምኩ። 40 ያህል። ተሰላችተዋል፤ መሰላቸታቸው ጥሩ ምልክት ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ጀርባዬን ይቆረጥመኛል። አስር ሰዓት ላይ ትኩሳት። ጋደም ብዬ ወንዙ ዱቄት ሆኖ ሲፈስ አየሁ፤ ሰዎች ከሁለቱም ዳርቻ ወንፊት ይነክራሉ፣ ወንፊቱ ባዶውን ይወጣል። እኔ የምተቸው ዓይነት ህልም ነው። ስነቃ ማሳል ጀመርኩ። ደረቅ ሳል።

ነርሷ ጋ ደወልኩ።

«ከቤት እንዳትወጪ» አለችኝ። «ሰኞ እጅግ ቢዘገይ ረቡዕ ናሙና እንወስዳለን፤ መመርመሪያው አልቋል።»

«ነገ አንድ ጊዜ ብቻ...»

«አንድ ጊዜ ብሎ ነገር የለም፣ እትዬ።»

በተናገረችው ላይ ስህተት አላገኘሁም። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ጉዳይ አሰብኩበት። ብቀር፣ መርዙ ሠራ ይላሉ፤ ጋሼ በእጃቸው ነው፣ ሁለቱም ወገን ከረጢቱ ኋላ ቆሟል። ብሄድ፣ ሕመሜን ለሰው እንዳላደርስ ማድረግ አለብኝ። ብሄድና ባስል ደግሞ ከመቅረቴ ይብሳል። ፈጣኑን በመስኮት አነጋግሬ ወደ ቤቱ ሸኘሁት፤ ለሁለት ሳምንት ከመጋዘኑ ውጭ ሆኖ እንጂ ከእኔ ጋር ውስጥ እንዳይሠራ ነግሬው። ለአስር አለቃው ደውዬ ነገ ስመጣ ሰዎቹን ከመንገዴ ሃያ እርምጃ እንዲያርቅ ነገርኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

ሦስተኛ ጠዋት። ሁለት ጭምብል ደርቤ ሄድኩ። ድልድዩ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ረዝሟል። እግሬ ጥጥ ላይ ይረግጣል። ማዶ ከመቶ በላይ ሰው ነበር፣ ወሬው ተሰምቶ ነው፤ ከመስመሩ ሠላሳ እርምጃ ርቀው ቆመዋል። በመሃላቸው እሱን አየሁት። ከስቷል። ሁለት ጎረምሳ ግራና ቀኝ ይዘውታል።

መደገፊያውን ብረት ያዝኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ እጄ ስለጋለ ደስ አለኝ። ሳሉ ከደረቴ ስር ተነስቶ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። ዋጥኩት። እንደገና መጣ። የድልድዩን ድንጋይ መቁጠር ጀመርኩ፣ ሃምሳ ሁለት ላይ ጠፋብኝ፣ ከአንድ ጀመርኩ። ጭጋጉ አልነሳ አለ። እንዲያ ቀስ ብሎ የሚነሳ ጭጋግ አይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ሰዎቹ በጠቅላላ አንድ ትልቅ እንስሳ ሆነው በብዙ ዓይን የሚያዩኝ መሰለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስከፍት ሰዎች ሆኑ።

ከዚያ የብረቱ ጫፍ ታየ፣ ከዚያ ሙሉው።

ልብስ ሰፊው ቆሞ አየኝ። ከጎኑ ላለው ለጋሼ የሆነ ነገር አለው። ጋሼ መለሰለት። አልሰማኋቸውም። ልብስ ሰፊው ጠመንጃውን ለአንዱ አቀብሎ ብቻውን ወደ መስመሩ መጣ። እኔ ወደ ኋላ ሄድኩለት፣ ሃያ እርምጃ፣ ቆጥሬ። አንዱን ጆንያ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና ተመለሰ። ሌሎቹም ተከተሉት።

የኬላው ቤት ኋላ እስክደርስ ቻልኩት። እዚያ ግድግዳ ተደግፌ፣ ሆዴ እስኪታጠፍ አሳልኩ። አስር አለቃው በሩቅ ጀርባውን ሰጥቶ ወንዙን ያያል።

«የወንዙ ብርድ ክፉ ነው» አለ፣ ሳልጠይቀው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

በመስኮት የገባ፦ ባዶ ጆንያ 14፣ ሳሙና 8 ካርቶን፣ ጨርቅ ጭምብል 5፣ ይህ ደብዳቤ።

ለእመት ሚዛን፣ ለእህቴ፣

እስትንፋስሽ ይርዘም፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ። ቤቴ ገባሁ። የተያዝኩት የልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ነበር፤ አልጋ ስላልነበረ ሳይሰፋ በቀረ የሙሽራ ሱፍ ላይ ነው የተኛሁት። ሳላገባ ሙሽራ ሆንኩ። አልተደበደብኩም። የተደበደበ ሌላ ሰው አለ፣ ስለሱ አሁን አልጽፍም።

ቅዳሜ አየሁሽ። ብረቱን የያዝሽበትን እጅ አየሁ። አንቺ በልጅነትሽም የሚደገፍ ነገር አትወጂም ነበር። ልብስ ሰፊው «ይቺ ሴት ታማለች እንዴ?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ይሰማል። «አይ፣ የእኛ ዘር አቋቋሙ ነው፣ ኩራት ይመስላል» አልኩት።

እሱ የሰው ትከሻ ሲለካ ነው የኖረው። ሰው ልብሱ ውስጥ እንዴት እንደሚቆም እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል? አንቺን አየ፣ እኔን አየ፣ ከኋላው ያሉትን ልጅ ያዘሉ ሴቶች አየ። ጮክ ብሎ «እውነት ነው፣ ኩሩ ናት» አለና ጆንያውን አነሳ። ጆንያውን በእርጥብ ጨርቅ አስጠርጎ፣ ሁላችንንም እጃችንን አስታጠበን። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ጭምብሎቹን የሰፋው እሱ ነው። ለአፍሽ ልክ ይሆናል ብሏል፤ በዓይኑ ለክቶ ነው።

ወፍጮው ዛሬ ሠርታለች። ዱቄቱ ሲወርድ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌሎቹ አፈሩበት።

የምለምንሽ ነገር የለም። ደህና ነኝ ብለሽ ጻፊልኝ። እውነት ይሁንም አይሁንም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21

የጠዋት ቆጠራ፣ በመስኮት፦ ስንዴ 88 ጆንያ፣ በቆሎ 51። ትኩሳት ከትናንት ቀንሷል። መተንፈስ፦ ደረጃ ላይ ይከብዳል፣ ቁጭ ስል አይከብድም። ፈጣኑ እስካሁን ጤነኛ ነው፤ በጩኸት አረጋግጦልኛል። ናሙና የሚወስዱት ዛሬ ነበር፣ ለነገ ተላለፈ። መካኒኩ በሁለቱም አለቆች ፈቃድ ከነመሣሪያው እስከ ሞተሩ ተሻግሯል፤ የአሸዋ ከረጢቶቹ ግን አልተነሱም።

ጻፍኩለት፦

ለተከበሩ ጋሼ፣

ወፍጮዎ ያጉረምርም፣ እርስዎ ይልፈልፉ፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት የለኝም። ለልብስ ሰፊው ጭምብሉ ልክ መሆኑን ይንገሩልኝ። ሌላ ነገር አይንገሩት፤ እሱም አይጠይቅም።

ደህና ነኝ ብዬ እንድጽፍ ጠይቀውኛል። ነገ ከሰዓት በኋላ የማውቀው ይኖራል፤ ያኔ የሆነውን እጽፋለሁ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ለእርስዎ ብቻ። እስከዚያ ያልመዘንኩትን አልልክም።

ዓርብ 16 ጆንያ ይመጣል። መስመሩ ላይ የሚቆም አያስፈልግም ተብሏል።

እህትዎ

ነገ፦ ነርሷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ወንበር ከመስኮቱ ውጭ እንዲቀመጥ ለፈጣኑ መንገር።